ከ«ቀጥቃጭ» እስከ «ባቲላሜራ»፦ ስለ መኪና ላሜራና ቀለም ሥራ ቃላት

አንድ መኪና በጠባብ መንገድ ላይ ከሌላው ጋር ታክኮ በሩ ቢጫር፣ ወይም ወደ ኋላ ሲል ከግንብ ጋር ተላትሞ ቢሰረጎድ፣ ባለቤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሦስት ልዩ ልዩ አማርኛዎች መካከል ቆሞ ይገኛል። አንደኛው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አማርኛ ነው፤ ሁለተኛው የመድን ውልና የግምት ወረቀት አማርኛ ነው፤ ሦስተኛው የጋራዡ አማርኛ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ስርጉድ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን ቃል አይጠቀምም። ሥራው አልቆ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚነሣው ክርክርም ብዙውን ጊዜ ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ቃሉ ነው፤ «ይጠገን» ተብሎ የተጻፈው ምን ማለት ነበር? «ይቀባ» የተባለው የቱ ድረስ ነው? «ይለወጥ» ማለት በአዲስ ነው ወይስ ባገለገለ?

በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምንመለከተው ሦስተኛውን፣ የጋራዡን አማርኛ ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጥ። በመኪና የውጭ አካል ጥገና ሙያ ውስጥ የክፍሎቹና የመሣሪያዎቹ ስሞች በአብዛኛው ከውጭ፣ ይልቁንም ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ጉዳቱንና ሥራውን የሚገልጡት ግሦች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የቆየ አማርኛ ናቸው። ስያሜ የሚያወጣ ሰው ባዕድ መስለው የሚታዩትን ስሞች ለመተካት ሲደክም ግሦቹን ሳያያቸው ያልፋል። ተርጓሚውም እንዲሁ ስሙን ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ይውልና ግሡን «ጉዳት ደረሰበት» በሚል አንድ ሐረግ ይገላገለዋል። ገንዘብ የሚያስከፍለውና ፍርድ የሚያዛባው ግን የግሦቹ አለመለየት ነው።

ለምሳሌነት ቃሊቲን መርጠናል። ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ደቡባዊ በር ነው። ጉምሩኩ፣ ፋብሪካዎቹ፣ መጋዘኖቹና የከባድ መኪና ማቆሚያዎቹ በዚሁ አቅጣጫ ስለ ተሰለፉ ጋራዡም፣ ጎሚስታውም፣ የመለዋወጫ ሱቁም ደንበኛውን ተከትሎ እዚያው ሰፍሯል። የቃሊቲ የብረታ ብረት ፋብሪካም በዚያው ስለሚገኝ «ቆርቆሮ» እና «ላሜራ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ይሰማሉ። እነዚህን ሁለቱን መለየት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ቆርቆሮ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሸንተረር ያለው ስስ ብረት ወይም ጣሳ የሚሠራበት ነው፤ ላሜራ ግን ሸንተረር የሌለው፣ ዝርግና ልሙጥ ብረት ነው። ለመኪና በርና ኮፈን የሚውለው ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የሰውን መኪና «ቆርቆሮ» ብሎ መስደብ የተለመደ ሲሆን «ላሜራ» ብሎ የሚሰድብ ግን የለም። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በትርጉም ብቻ ሳይሆን በማዕረግም ነው ማለት ነው።

የክፍሎቹ ስሞች እንዴት ጣልያንኛ ሊሆኑ እንደ ቻሉ ለማስረዳት ብዙ ታሪክ መቁጠር አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጊዲ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሮማ ላይ የታተመው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1901 እ.ኤ.አ. በመሆኑ የመኪና ቃል ሊኖረው አይችልም ነበር። ሙያው በስፋት የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን ከመንገዱና ከካሚዮኑ ጋር ነው። ወረራው ካለፈ በኋላም በአገሩ የቀሩ ጣልያናውያን መካኒኮች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ ኢትዮጵያዊው ወጣት ከአጠገባቸው ቆሞ መፍቻ እያቀበለ ሙያውን ቀሰመ። ትምህርቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮ ነበር። ይህንንም የቃላቱ ቅርጽ ራሱ ይመሰክራል።

ከጽሑፍ የተወሰደ ቃል ፊደሉን ይጠብቃል፤ በጆሮ የተወሰደ ቃል ግን የተቀባዩን አፍ ይለብሳል። «ላሚዬራ» «ላሜራ» ሆነ። «ኮፋኖ» የመጨረሻ አናባቢውን ጥሎ፣ መካከለኛውንም አሳጥሮ «ኮፈን» ሆነ፤ ዛሬ «ኮፈኑ»፣ «ኮፈኖች» እየተባለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም ይረባል። «ስፔኪዮ» በከንፈራዊው «ፕ» ተጎትቶ «ስፖኪዮ» ተባለ። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው «ፓራኡርቲ» ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ር» ሲገጥመው ተናጋሪው ሁለተኛውን ወደ «ል» ለውጦ «ፓራውልት» አለው። ይህ የድምፅ መለያየት ሕግ በብዙ ቋንቋዎች የታወቀ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው የሠራው ግን የጋራዥ ልጅ ነው። «ፓራ» በጣልያንኛ መከላከያ እንደ ማለት ሲሆን «ፋንጎ» ጭቃ፣ «ኡርቲ» ደግሞ ግጭት ነው። ስለዚህ «ፓራፋንጎ» የጭቃ መከላከያ፣ «ፓራውልት» የግጭት መከላከያ ማለት ነው። የአማርኛው ተናጋሪ ሁለቱንም ቃላት በየቀኑ ቢጠቀምባቸውም «ፓራ»ን ነጥሎ አያውቀውም፤ ለእርሱ እያንዳንዳቸው አንድ ግንድ ናቸው። «ፍሬቻ»ም በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። የጥንቶቹ የመዞሪያ ምልክቶች ከመኪናው ጎን እንደ ቀስት ብቅ የሚሉ ክንዶች ነበሩና ክንዱ ቀርቶ መብራት ሲተካ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ።

«መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛው «ማኪና» የመጣ ሲሆን መነሻ ፍቺው መሣሪያ እንደ ሆነ «የስፌት መኪና» ከሚለው ይታወቃል። የሕግና የመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን «ተሽከርካሪ»ን መርጧል፤ ሹፌሩንም «አሽከርካሪ»፣ ታርጋውን «ሰሌዳ»፣ ኢንሹራንሱን «መድን» ይላል። ከእነዚህ መካከል «መድን» በ2000 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የሦስተኛ ወገን መድን ለባለ መኪና ሁሉ ግዴታ ከሆነ ወዲህ በሕዝቡም አፍ እየገባ ነው። «ቦሎ»ን ግን እስካሁን ያነቃነቀው ስያሜ የለም። አጭር ነው፣ ሌላ ትርጉም አይጋፋውም፣ በየዓመቱም ይፈለጋል። ለአንድ ቃል ጽናት ከዚህ የበለጠ ዋስትና አናውቅም።

ይሁን እንጂ ጋራዡ ያገኘውን ሁሉ ሳያላምጥ የዋጠ አይደለም። ጣልያኖች «ካርታ ቬትራታ»፣ ፈረንሳዮችም በተመሳሳይ መንገድ የሚጠሩትን ማለስለሻ ሠራተኛው «የብርጭቆ ወረቀት» ብሎ ተርጉሞታል። ጥንት ወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው የተፈጨ መስታወት ነበርና ስያሜው በሁሉም ዘንድ በዚያው ጸንቷል፤ ዛሬ የሚለጠፈው ከብርጭቆ የጠነከረ ሌላ ቅንጣት ቢሆንም ስሙን የሚከራከር የለም። ይህ ቃል በኮሚቴ አልተወሰነም፤ በጋዜጣም አልታወጀም። ሠራተኛው ሲፈልግ መተርጎም እንደሚችል ግን አስረጅ ነው። እንግዲህ ይህን መተርጎም የቻለ ሠራተኛ የገዛ ሙያውን መጠሪያ፣ «ባቲላሜራ»ን፣ ለምን ሳይተረጉም ተወው? የጽሑፋችን አንጓ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ባቲላሜራ» ትርጉሙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሁሉ ቀላል ነው። «ባቲ» መምታትን፣ መቀጥቀጥን የሚያመለክት ሲሆን ከ«ላሚዬራ» ጋር ተጣምሮ «ላሜራ ቀጥቃጭ» ማለት ይሆናል። ችግሩ ያለው «ቀጥቃጭ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ ቃል የሙያ መጠሪያ ብቻ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ብረት የሚሠራው ሰው ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር። ሸማኔውም፣ ቆዳ ፋቂውም ከዚህ አላመለጡም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ነውሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢልና ይህ ዐዋጅ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ቢሆንም ለቃላት ተመራማሪ የሚያስደስት አጋጣሚ ነው። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ቃልን ግን ከነውሩ ሊያጥብ አልቻለም።

አሁን ግሡን እንመልከት። በቃሊቲ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው «ከውስጥ ቀጥቅጠው» የሚል ትእዛዝ ቢሰማ የሚያፍር የለም፤ የታዘዘውም አይቀየምም። «ቀጠቀጠ» ንጹሕ ግሥ ነው። «ቀጥቃጭ» ግን ዕዳ ያለበት ስም ነው። «ፋቀ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቀለም ቀቢው አሮጌውን ቀለም ቀኑን ሙሉ ይፍቃል፣ «ፋቅልኝ» ይባላል፣ «ፋቂ» ብሎ የሚጠራው ግን የለም። በአንጻሩ «ቀባ» ከሚለው «ቀቢ»፣ «በየደ» ከሚለው «በያጅ» ያለ አንዳች መሰናክል ወጥተው ሙያተኞቹ የሚጠሩባቸው ስሞች ሆነዋል፤ እነዚህ የቆየ ነውር አልነበረባቸውምና። በእኛ አስተያየት ጋራዡ ባዕዱን ስም የጠበቀው አማርኛ ስላነሰው ሳይሆን አማርኛው የሚያዋርደው ስለ ሆነበት ነው። እርግጥ «ጎሚስታ» ምንም የሚሸሸው ስድብ ሳይኖር በጣልያንኛ ቀርቷል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብብን ይችላል። ነገር ግን «ጎሚስታ» በአማርኛ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ቤቱም ነው፤ «ጎሚስታ ወስጄው ነበር» ይባላል። በአንድ ቃል ሰውንም ቦታንም የሚጠራ የአማርኛ ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ባቲላሜራ ዘንድ ያለው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ነገ አንድ የስያሜ ኮሚቴ «ላሜራ ቀጥቃጭ» የሚል ቃል ቢያቀርብ በሰዋስው እንከን የማይገኝለት፣ በጋራዥ ግን ማንም የማይጠራበት ስም ያገኛል። በመሥሪያ ቤት ሰነድ የግድ የአማርኛ መጠሪያ ካስፈለገ «የላሜራ ሠራተኛ» በቂ ነው፤ ይህ አሁንም ይነገራል።

ወደ ጉዳቱ ግሦች እንለፍ። አማርኛ እዚህ ላይ ያለውን ሀብት የምናውቀው ስንቸገር ብቻ ነው። አነስተኛ ጉዳት በሚባለው ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። «ተጫረ» ሹል ነገር መሥመር አወጣበት ማለት ነው፤ ዶሮ መሬት የምትጭርበት፣ ክብሪት የሚጫርበት ግሥ ነው። «ተላጠ» ቀለሙ ከብረቱ ተነሣ እንጂ ብረቱ አልተነካም፤ እንደ ዛፍ ልጥ ነው። «ተሰረጎደ» ብረቱ ሳይታጠፍ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ የጉንጭ ስርጉድም ከዚሁ ነው። «ተጨራመተ» ብረቱ ታጥፎ መሥመር ያዘ፣ ተኮማተረ ማለት ነው። «ተቀደደ» ተከፈተ፣ ተለያየ ማለት ነው። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ከእነዚህ አንዳንዶቹ የልብስ ግሦች መሆናቸውን ነው። ላሜራ በአማርኛ ተናጋሪ ዓይን የመኪና ልብስ ነው፤ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል፣ ይጣፋል። መስታወትና ፕላስቲክ ግን ዕቃ ናቸው፤ ይሰነጠቃሉ፣ ይሰበራሉ። «በሩ ተሰበረ» ቢባል ሰሚው የሚያስበው ማጠፊያውን ወይም መስታወቱን እንጂ ላሜራውን አይደለም።

በ«ሰርጓዳ» እና በ«ጎድጓዳ» መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ተርጓሚዎች አያስተውሉም። «ጎድጓዳ ሳሕን» ሲሠራም እንዲሁ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ «ሰርጓዳ» ግን የነበረውን ቅርጽ ያጣ ነው። አንድ የግምት ወረቀት የመኪና በር «ጎድጉዷል» ቢል ትርጉሙ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጥልቀቱን ያጋንነዋል፤ ጥልቀቱ ሲጋነን ደግሞ ዋጋው ይከተለዋል።

ልዩነቱ ለምን ገንዘብ እንደ ሆነ ከሥራው ይታያል። የተሰረጎደ ላሜራ አልተለጠጠም፤ ወደ ኋላው መድረስ ከተቻለ ከውስጥ ቀስ ብሎ በመግፋት ቀለሙ ሳይነካ ሊመለስ የሚችልበት ጊዜ አለ። የተጨራመተው ግን በእጥፋቱ ላይ ብረቱ ተዘርግቷል፤ ቀለሙም ተሰንጥቋል። ይህን ባቲላሜራው ከውስጥ ደጋፊ ብረት ይዞ ከውጭ በመዶሻ ማቃናት፣ ከዚያም መፋቅ፣ ስቱኮ መቀባት፣ ማለስለስና ቀለም መርጨት ይጠበቅበታል። መዶሻው ከበዛ ደግሞ ብረቱ ከሚገባው በላይ ተለጥጦ በጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ ይላል። የተቀደደው ብየዳ ወይም መለወጥ ይፈልጋል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጉዳት መግለጫ ወደ አማርኛ ሲመለስ እነዚህ ሦስቱ ሁሉ «ጉዳት ደርሶበታል» ከተባሉ፣ አንደኛው ቀለም የማያስነካው ሁለተኛው ብዙ ቀን የሚፈጀው ሥራ በአንድ ስም ተጠርተዋል ማለት ነው።

ከግሡ ሥር ባሻገር የግሡ እርባታም ይመሰክራል። «ተጭሯል» አንድ ጭረት ነው፤ «ተጫጭሯል» ብዙ ጭረት ነው፤ እንዲሁም ተላጠና ተላላጠ፣ ተቀደደና ተቀዳደደ። ብዙ የውጭ ቋንቋዎች ይህን በስም ብዙ ቁጥር የሚገልጡትን አማርኛ በግሡ ውስጥ ድምፅ ደግሞ ይገልጠዋል። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው «ብዙ ጭረቶች አሉበት» ብሎ ቢጽፍ አልተሳሳተም። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ግን የተደጋገመችውን አንዲት ፊደል ሳያይ ካለፈ የቀረውን ጭረት ሁሉ አጠፋ። በጥገናው ግሥም እንዲሁ ነው። «ቀባ» ሙሉ ሥራ ነው፤ «ቀባባ» እዚህም እዚያም የተደረገ፣ ብዙውን ጊዜ ግድ የለሽ ሥራ ነው። «ነካካ» ደግሞ በጥቂቱ ማደስ ሊሆን ይችላል፤ ማበላሸትም ሊሆን ይችላል። በውል ላይ ባይገባ እንመርጣለን።

የፖሊስ ሪፖርቱ ግሦች የሚያስከትሉት መዘዝ ከዚህም ይብሳል። «ገጨ»፣ «ተገጨ» እና «ተጋጨ» ከአንድ ሥር ይወጣሉ። «ገጨ» ጥፋተኛውን ይጠቁማል፤ «ተገጨ» ተጎጂውን ይጠቁማል፤ «ተጋጨ» ግን ጥፋቱን ለማንም ሳይሰጥ ሁለቱንም እኩል ያስቀምጣል። በእጅ ጽሑፍ «ተገጨ» ከ«ተጋጨ» የሚለየው በአንዲት ፊደል እግር ብቻ ነው። የገለበጠው ጸሐፊ ገውን ጋ ካደረገው ተጎጂ የነበረው ሰው ተካፋይ ሆኖ ያድራል፤ ይህም በመድን ጥያቄ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ሪፖርት የሚተረጉም ሰው ይህን ቃል ከዐውደ ንባቡ ጋር፣ በተለይም «በ» እና «ከ...ጋር» ከሚሉት መስተዋድዶች ጋር አገናዝቦ ሳያረጋግጥ ማለፍ የለበትም፤ «በሚኒባስ ተገጨ»፣ «ከሚኒባስ ጋር ተጋጨ» ይባላልና መስተዋድዱ ስሕተቱን ያጋልጠዋል። ከዚህ በታች «ነካ» እና «ታከከ» አሉ። «ትንሽ ነካሁት» የሚል ሹፌር ጉዳቱን እያሳነሰ ነው፤ «ታከከኝ» የሚል ግን የግጭቱን ዓይነት፣ ጎን ለጎን መፋተጉን፣ በትክክል እየነገረ ነው። የመጀመሪያው ስሜት ነው፤ ሁለተኛው መረጃ ነው።

ስለ «ስቱኮ» አንድ ሁለት ነገር ማለት ያስፈልጋል። ይህ ቃል በግንበኛውም በመኪና ቀለም ቀቢውም ዘንድ ይነገራል፤ ነገር ግን ለግንብ የሚለሰነውና ለላሜራ የሚሆነው በስም እንጂ በንጥረ ነገር አንድ አይደሉም። የመኪናው ስቱኮ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለት ፍቺ ሊሰጠው ይገባል። «መሙያ» በሚለው መተካቱንም አንደግፍም፤ መሙያ ማንኛውም ጎዶሎ የሚሞላበት ነገር ነውና ለይቶ አይናገርም። ስቱኮ የሚቀባው ላሜራው ከተቃና በኋላ የቀረውን ጥቂት ወጣ ገባ ለማስተካከል ነው፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያህል በላይ ከወፈረ ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ፣ ርጥበት ስቦም ከሥሩ ሊያስዝግ ይችላል። ባለ መኪና «በስቱኮ ደፈነው» ሲል የሚወቅሰው ይህንኑ ነው። «ደፈነ» ራሱ ስድብ አይደለም፤ ጉድጓድ ይደፈናል። ነገር ግን ከ«ዳፈነ» ጋር ያለው ቅርበት፣ እሳትንና ነገርን ከመሸፈን ጋር ያለው ዝምድና፣ ለቃሉ የመደበቅ ጥላ ሰጥቶታል። ቃሉ በግምት ወረቀት ላይ ባይጻፍም በሽምግልና ላይ መስማት የተለመደ ነው።

ስለ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ተርጓሚን እናስጠንቅቅ። ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ 80 ሻካራ ነው፣ 320 ለስላሳ ነው፣ 2000 ለመጨረሻው ማንጸባረቅ የሚውል ነው። «ከፍተኛ ቁጥር ያለው» የሚለው አባባል «ሻካራ» ተብሎ ሲተረጎም ያጋጥማል፤ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው።

እስካሁን ያለውን ጠብቁ ስንል ቆይተናል፤ በእርግጥ ቃል የጎደለበት ቦታም አለ። አንጸባራቂ ቅንጣት ያለባቸው ቀለሞች ከተለመዱ ወዲህ አንድ በር ብቻውን ቢቀባ ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ልዩነቱ በፀሐይ ላይ ይታያል። ስለዚህ ቀቢው አዲሱን ቀለም በጎረቤቱ ክፍል ጠርዝ ላይ እያሳሳ ይዘልቅና ሁለቱንም በአንድ ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ይሸፍናል። ባለቤቱ ግን «የተጫረው በሩ ነው፤ ፓራፋንጎው ለምን ተቀባ? ለምንስ እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መልሱም ትክክል ነው፤ በመካከሉ የጠፋው ቃሉ ነው። ሁለት ስያሜዎች እንዲለዩ እናሳስባለን። ቀለሙን በመቀመም ከነባሩ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ «ቀለም ማዛመድ» ይባል፤ ሁለት ተለይተው የቆሙ ነገሮችን ዘመድ ማድረግ ነውና። በጠርዝ ላይ እያሳሱ ድንበሩን ማጥፋት ደግሞ «ቀለም ማዋሐድ» ይባል። በግምት ወረቀት ላይ «የፊት በር ይቀባ፤ ፓራፋንጎ ይዋሐድ» ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ያልቃል። ሁለቱም ግሦች ነባር ስለ ሆኑ ሠራተኛው ሳይማራቸው ይገቡታል።

«ለወጠ» የሚለው ግን ከነባር ግሦች ሁሉ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚሻ ነው። በዕለት ንግግር ለወጠ ማለት አንዱን አንሥቶ ሌላ መተካት ብቻ ነው፤ የተተካው አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ኦርጅናል ይሁን ተመሳሳዩ አይናገርም። የውል ጸሐፊዎች «ይለወጥ» ከማለት ይልቅ «በአዲስ ይለወጥ» ወይም «ባገለገለ ይለወጥ» ብለው ቢጽፉ፣ ተርጓሚዎችም የሌለውን ቅጽል ከራሳቸው ሳይጨምሩ ባለ ጉዳዩን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ አሁን እየተጋፋ ያለው ሌላ ለውጥ ከእንግሊዝኛ የሚመጣው ነው። ወጣቱ ሠራተኛ «ፓራውልት»ን «ባምፐር»፣ የላሜራውን ሥራ «ቦዲ» ማለት ጀምሯል። አንድ ቃል ሲገባ ሌላው ወዲያው አይሞትም፤ ለጊዜው ሁለቱ ሥራ ይከፋፈላሉ። ሁለቱንም መዝግቦ የትኛው በማን አፍ እንደሚገኝ ማመልከት እንጂ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማንገሥ የመዝገበ ቃላት ተግባር አይደለም። ለዚህ አቀራረብ ምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ግባቶች እነሆ።

ባቲላሜራ፣ ስ. (ከጣልያንኛ)። የመኪናን ላሜራ በመዶሻና በደጋፊ ብረት የሚያቃና ሙያተኛ፤ ሙያውም። «ቀጥቃጭ» የሚለውን ተመልከት፤ በዚህ ፍቺ አይነገርም።

ፓራውልት፣ ስ. (ከጣልያንኛ «ፓራኡርቲ»)። ከመኪና ፊትና ኋላ የሚገጠም የግጭት መከላከያ፤ ቀድሞ ከብረት፣ አሁን በአብዛኛው ከፕላስቲክ የሚሠራ። ባምፐርም ይባላል። «ፓራውልቱ ተሰነጠቀ»።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ወደ አንድ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመራናል። ፕላስቲክ በመዶሻ አይቀጠቀጥም። የተሰነጠቀ ፓራውልት የሚጠገነው ጠርዙ በሙቀት ለስልሶ ተመሳሳይ ፕላስቲክ እየቀለጠበት ሲገናኝ ነው። ይህን ሥራ ጋራዡ ሌላ ስም ሳይፈልግ «በየደ» ይለዋል፤ «ፓራውልቱ ይበየድ» ይባላል። ስለዚህ «በየደ»ን «ብረትን ከብረት ጋር በእሳት አጣበቀ» ብሎ መፍታት ከእንግዲህ አይበቃም፤ በፍቺው ላይ «ብረትን» የሚለው ወጥቶ «ብረትን፣ ፕላስቲክን ወይም ይህን የመሰለ ነገር በሙቀት አቅልጦ አገናኘ» የሚለው እንዲገባ እናሳስባለን።